ቁም ነገሩ የሚወጣው ውኃ ነው

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ምንጣፍ አጠባ ልጀምር ብሎ ለሚነሣ ወጣት የሚሰጠው ምክር ከየትም ቢመጣ ያው ነው። ዘመድ ይለዋል፣ ጓደኛ ይለዋል፣ ተደራጁ የሚለው ቢሮም ይለዋል፦ «ይሄ እኮ እውቀት አይጠይቅም፤ ውኃ፣ ኦሞና ጉልበት ካለህ ይበቃሃል።» የመኪና ጥገና ሙያ ነው፣ ልብስ ስፌት ሙያ ነው፣ ጸጉር ማስተካከልም ሙያ ነው፤ ምንጣፍ ማጠብ ግን ሌላው ሁሉ ያልሆነለት ሰው የሚሰማራበት የጉልበት ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ደንበኛውም ከዚህ አይርቅም። ምንጣፉን ላቫጆ አድርሶ አረፋው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ካየ፣ የደፈረሰ ውኃ ወደ ቦዩ ሲወርድ ከተመለከተ፣ ገንዘቡ ሥራ ላይ እንደዋለ አምኖ ይሄዳል።

ይህ እምነት ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ምንጣፍ ንጹሕ የሚሆነው በፈሰሰበት ውኃ ልክ አይደለም፤ ውኃው ቆሻሻውን ይዞ በወጣለት ልክ ነው። ውስጡ የቀረ ውኃ የቀረ ቆሻሻ ነው፣ የቀረ ሳሙና ነው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሽታና ሻጋታ ነው። እዚህች ላይ የተሳሳተ ድርጅት ሌላውን ሁሉ ቢያሳምር አይድንም። ውኃው ይባክናል፣ ሠራተኛው ይጎዳል፣ ደንበኛው አንዴ መጥቶ ይቀራል።

ከአፈሩ ልጀምር፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ነው የሚወድቀውና። ወላይታ የቀይ አፈር አገር ነው። ቀለሙን የሚሰጠው በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ሸክላማ ስለሆነ ደግሞ ሲደርቅ ከዱቄት ይልማል። በበጋ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ከመንገዱ ዳር ይነሣና በመስኮት ይገባል፣ በክረምት በጫማ ተለጥፎ በበር ይገባል። ምንጣፍ ላይ ሲያርፍ ላዩ ላይ አይቀመጥም። በጸጉሩ መካከል ሰርጎ ይወርድና ክሩ ከጀርባው ጋር በተያያዘበት ቦታ ይተኛል፤ እዚያ ሆኖም ሰው በረገጠው ቁጥር ክሩን ይሞርዳል። ሳሙና ቅባትን ያላቅቃል እንጂ አፈርን አያሟሟም። አፈሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ግን ልቅ ነው፣ ሲመታ ይራገፋል። ውኃ በነካው ደቂቃ ጭቃ ይሆንና ክሩን ይጨብጣል።

የጽዳት ሙያ መጻሕፍት ምንጣፍ ውስጥ ካለው ቆሻሻ ሦስት አራተኛ ያህሉ ደረቅ ብናኝ እንደሆነ ይጽፋሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመውና ለምንጣፍ ጽዳት የሙያ ደረጃ የሚያወጣው የጽዳት ባለሙያዎች ተቋምም የሥራው መነሻ ደረቁን ቆሻሻ ማውጣት እንደሆነ ያስተምራል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ተግባር ምንድን ነው? የውኃውን ጎማ መክፈት። ያለ ጠብታ ውኃ ሊወጣ ይችል የነበረውን ቆሻሻ በገዛ እጃችን ጭቃ እናደርገዋለን፣ ከዚያ ያንኑ ጭቃ ለማስለቀቅ አንድ በርሜል ውኃና አንድ ከረጢት ኦሞ እንጨርሳለን፣ ከዚያም «ይሄ ሥራ ውኃ ይፈልጋል» እንላለን።

የሚጠራጠር ሰው በቤቱ ሊያየው ይችላል። የሳሎን ምንጣፍ ይውሰድና ጸጉሩ ወደ ታች እንዲሆን ገልብጦ በንጹሕ ሸራ ላይ ያንጥፈው። ከዚያ በቀጭን እንጨት ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ጀርባውን በቀስታ፣ በመስመር በመስመር እየመታ ይሂድ። ኃይል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አለመዝለል ነው። ምንጣፉ ሲነሣ ሸራው ላይ የሚቀረው ነገር የሳሎኑን ካርታ ያህል ነው። በሩ ፊት የነበረው ክፍል ወፍራም ቀይ ክምር ጥሏል፤ ሶፋው ሥር የነበረው ስስ ነው፤ ሰው ከሶፋው ተነሥቶ ወደ ጓዳ የሚያልፍበት መስመር እንደ ቀጭን መንገድ ተለይቶ ይታያል። ሸራውን አራግፎ ሁለተኛ ሲመታ እንደገና ይወርዳል። ብዙ ቤት ውስጥ ይህ የሚገኘው በየሳምንቱ በሚጠረግ፣ ለዓይን ንጹሕ በሚመስል ምንጣፍ ውስጥ ነው። ሥራውን እውቀት አይጠይቅም የሚል ሰው ይህን አፈር በእፍኙ ይዞ፣ ውኃ ቢነካው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለአፍታ ያስብ።

ውኃ አይነካው ማለቴ አይደለም። መታጠብ አለበት። ግን ውኃ በጽዳት ሥራ ውስጥ ያለውን ድርሻ ማወቅ ያስፈልጋል። ሄንክል በተባለው የጀርመን የሳሙና ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኸርበርት ዚነር እ.ኤ.አ. በ1959 ማናቸውም እጥበት በአራት ነገሮች እንደሚከናወን አስቀምጧል፦ በኬሚካሉ፣ በሚደረገው መፋቅ፣ በሙቀቱና በሚሰጠው ጊዜ። አንዱ ሲያንስ ሌላው መጨመር አለበት። ውኃ አራቱን የሚያገናኝ ተሸካሚ ነው፤ ቆሻሻውን አላቅቆ ይዞ ካልወጣ የመጣበትን አልፈጸመም። የእኛ ላቫጆዎች ከአራቱ ጊዜን ከናካቴው ረስተውታል። ሳሙናው ተረጭቶ ጥቂት ደቂቃ ቅባቱን እንዲያላቅቅ አይተውም፤ ወዲያው በጠንካራ ቡራሽ ይፈተጋል፣ ጊዜ የነፈጉትን በጉልበት ያካክሱታል። የምንጣፉ ጸጉር የሚበጠበጠውና የሚነቀለው በዚህ ምክንያት ነው። የሠራተኛው ወገብም እንዲሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሦስት በአራት የሆነ ምንጣፍ 12 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሁለት ኪሎ ተኩል ቢመዝን ደረቁ 30 ኪሎ ይሆናል። የራሱን ክብደት ያህል ውኃ ይዞ ቢነሣ 60 ኪሎ ነው፤ ማለትም 30 ሊትር ውኃ ውስጡ አለ። ያንን ውኃ በትነት ብቻ ለማስወጣት የሚያስፈልገው ሙቀት ወደ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ይህን ሁሉ ከፀሐይ እንለምናለን። ውኃውን አስቀድሞ ገፍቶ፣ ጨምቆ ወይም መጥጦ 25ቱን ሊትር ያወጣ ሰው ግን ለፀሐይና ለነፋስ የሚተወው 5 ሊትር ነው፤ ለዚያ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። በገፉት ውኃና ለፀሐይ በተዉት ውኃ መካከል ያለው ልዩነት ምንጣፉ ለነገ መድረስ አለመድረሱን ይወስናል።

ለነገ መድረስ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። እርጥብ ሆኖ ከ24 እስከ 48 ሰዓት የቆየ ነገር ላይ ሻጋታ መብቀል ይጀምራል። ብዙዎቹ በፋብሪካ የተሠሩ ምንጣፎች ጀርባቸው በሙጫ የተያያዘ ነው፤ ለቀናት ሲረጥብ ሙጫው ይላላና ድርቡ ይላቀቃል። ጀርባቸው የጆንያ ክር የሆነው ደግሞ ውኃው ቀስ እያለ ሲወጣ ቡናማውን ቀለም ከጆንያው ይዞ ወደ ጸጉሩ ጫፍ ያመጣዋል። ደንበኛው «ያልነበረ እድፍ አመጣችሁብኝ» ብሎ ሲቆጣ አጣቢው ይምላል፣ ይገዘታል፤ እውነቱን ነው፣ እድፍ አላመጣም። ውኃውን ብቻ ነው ያላወጣው።

እዚህ ላይ የሶዶ አየር ራሱ ይከራከርልኛል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ላለች ከተማ የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት ይጀምራል፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይቀጥላል። ምንጣፍን በአጥር ላይ ሰቅሎ ፀሐይ መጠበቅ የሚያዋጣው የበጋውን ጥቂት ወራት ነው። የዓመቱ ትልቁ ሥራ የሚመጣው ደግሞ በዚያው በበጋ ቢሆን ባልከፋ። አይደለም። የዓመቱ ትልቁ ሥራ የሚመጣው ለመስከረም ነው። እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ደግሞ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ። ለጊፋታ ቤት ይለሰናል፣ ይጠረጋል፣ ዕቃው ሁሉ ይወጣል፤ ከአዲስ አበባና ከሌላው አገር የሄደው ልጅ ወደ ወላጆቹ ይመለሳል፤ ሳሎን ያለው ሁሉ ምንጣፉን ሊያሳጥብ ይሻል። ሁሉም ምንጣፍ በአንድ ሳምንት ይወጣል፣ ፀሐይዋ ግን በዓመቱ ውስጥ እምነት የማይጣልባት በዚያው ሰሞን ነው። ለዚህች ከተማ «ውኃ ካለ ይበቃል» ብሎ መምከር ልጆቹን በዓመቱ ዋና ገበያቸው ላይ አሳልፎ መስጠት ነው። በዓሉ ዋዜማ ላይ ያልደረቀ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ በእንግዳ ፊት ይሸታል፣ ያ ቤት ከዚያ ወዲያ ለማንም አይሰጥም።

የሚመለስልኝን መልስ አውቀዋለሁ። «እናቶቻችን ወንዝ ወርደው አጥበው ያነጡልን አልነበረም ወይ? ማን ደረጃ አወጣላቸው?» ይባላል። ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች ሁሉ ይህን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ጋቢ የታጠበበትን ወንዝ በደንብ ያየ ሰው ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ጋቢ ታጥቦ ሲያበቃ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይይዛል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይጠመዝዛል፣ ውኃው እስኪያቆም ይጨመቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሣር ላይ የሚሰጣው። የእናቶቻችን እውቀት መጭመቁ ላይ ነበር። ከእነሱ የወረስነው መፍሰሱን ብቻ ነው፤ ምንጣፍ እንደ ጋቢ ስለማይጠመዘዝ መጭመቁን ትተነዋል፣ በምትኩም ምንም አላስቀመጥንም።

ሌላው ዓለም ውኃውን ማውጣቱን አልተወም፤ መንገዱ ግን እንደ አየሩ ይለያያል። በኢራን፣ ከቴህራን ደቡብ ባለችው ሬይ ከተማ፣ ቸሽሜ አሊ በሚባለው ምንጭ ምንጣፍ አጣቢዎች ለብዙ ዘመን የሱፍ ምንጣፍ እያጠቡ በዙሪያው ባለው ዐለት ላይ ያሰጡ ነበር። ያ አሠራር የሠራው የሬይ አየር ደረቅ ስለሆነ፣ ዐለቱም በፀሐይ ስለሚግል ነው። ሶዶ ሬይ አይደለችም። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ፀሐይ የማታስተማምናት ሄልሲንኪ ናት። የፊንላንድ ሰዎች በበጋ ምንጣፋቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርደው የማጠብ የቆየ ልማድ አላቸው፤ ከተማዋም ለዚሁ ማጠቢያ ሥፍራ ሠርታላቸዋለች። እዚያ ሥፍራ ላይ ከማጠቢያው ጠረጴዛ ቀጥሎ የሚገኘው ነገር ምንጣፉን በሁለት ድቡልቡል እንጨቶች መካከል አሳልፎ የሚጨምቅ መጭመቂያ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ማስጫ። የሳሙናው ውኃ ባሕሩን እንዳይበክል ብለው ማጠቢያዎቹን ወደ የብስ እያወጡ ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘታቸውን ደግሞ የእኛ ማዘጋጃ ቤቶች ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ ከዳሞታ የሚወርደው ወራጅ የሰው ልጅ ይጠጣዋል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ የላቫጆ አረፋ ማራገፊያ ሊሆን አይገባም።

ከውኃና ከኦሞ ሰዎች ወጣ ያሉ ሌሎች ደግሞ አሉ። እነዚህ «ልክ ነህ፣ ጉልበት አይበቃም፤ ማሽን ያስፈልጋል» ይላሉ። የሚሉት ማሽን ግን ብዙ ጊዜ ውኃ በግፊት የሚረጨው ነው! ብድሩ ይወሰዳል፣ ማሽኑ ይገዛል፣ እንደ መኪና ጎማ ምንጣፉ ላይ በቅርበት ይረጫል። ይህ ያንኑ ስህተት በሞተር ማባባስ ነው። ግፊቱ ቀዩን አፈር ከጸጉሩ ወደ ጀርባው ይነዳዋል፣ ክሩን ይተረትራል፣ ምንጣፉ የሚይዘውን ውኃም ይጨምራል። በቱርክ ምንጣፍ አጠባ በየከተማው የሚገኝ የታወቀ ሥራ ነው፤ በደንብ የተደራጁት ቤቶች መስመር የሚጀምረው አቧራ በሚመታ ማሽን ነው፣ የሚጨርሰው ምንጣፉን እንደተጠቀለለ ረጅም ሲሊንደር ውስጥ አሽከርክሮ ውኃውን በሚተፋ ማሽን ነው። ሁለቱ ውድ ማሽኖች ከእጥበቱ በፊትና ከእጥበቱ በኋላ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ገንዘባቸውን የት እንዳዋሉ ማየት በቂ ትምህርት ነው።

የማሽከርከሪያውን ማሽን ነገ ግዙ አልልም። ውድ ነው፤ በአካባቢ ብረት ቤት ይበየድ እንዳይባል ደግሞ በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞር እርጥብ ምንጣፍ ሚዛኑ ከተዛባ ሰው ይገድላል። ከዚያ በፊት በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ብድር ያገኘ ቡድን የመጀመሪያውን ብር ዝናብ ለማያስገባ፣ ጎንና ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ለሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ቢያወጣው ይሻላል። ቀጥሎ ለማጠቢያው ወለል፤ ዘንበል ብሎ በሲሚንቶ የተለሰነ ወለል ውኃውን ራሱ ያወርደዋል። ወለል ላይ ውኃ የሚገፉበት ጎማ ያለው እንጨት በየሱቁ ይሸጣል፤ ምንጣፉ ላይ በጸጉሩ አቅጣጫ ተጭኖ ደጋግሞ መግፋት፣ የሚወርደው ውኃ ጥርት እስኪል ማለቅለቅ፣ እንደገና መግፋት። ሲቀጥልም እርጥብ የሚመጥ ማሽንና ሁለት ቬንትሌተር። ሲሰቀል ደግሞ አጥር ላይ ታጥፎ አይደለም፤ መሐሉ ታጥፎ የተሰቀለ ምንጣፍ ውኃውን እጥፋቱ ላይ ያከማቻል፣ የአጥሩ ሽቦ ዝገትም ይታተምበታል። ለስላሳ ወፍራም ቧንቧ ላይ ተዘርግቶ ነፋስ በሁለቱም ወገን ሊያገኘው ይገባል። ይህ አሠራር ውኃም ይቆጥባል። በደቂቃ 15 ሊትር የሚለቅ ጎማ አንድ ሰዓት ሙሉ ክፍት ቢሆን 900 ሊትር ነው፤ ቧንቧ በጠፋ ቀን በባጃጅ ጀሪካን ለሚያመላልስ ሰው ይህ ቁጥር ትርፉ ነው።

ስለ ኬሚካሉ ዝም ብል ደግሞ ነገሬ ይጎድላል። ኦሞ የተሠራው ለጥጥ ልብስ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ የአልካላይ መጠኑ ከፍ ያለ ነው፣ ከ10 ፒኤች በላይ ይወጣል። ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራው፣ አሁን በየሳሎኑ የሚበዛው ምንጣፍ ይችለዋል። ሱፍ ግን አይችልም፤ ሱፍ እንደ ሰው ጸጉር ፕሮቲን ነው፣ ይጠነክራል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ቀለሙ ይለቃል። በረኪና ደግሞ ሱፍን ቃል በቃል ያሟሟዋል። የመንዝ ባና ወይም ከአያት የወረሱት የሱፍ ምንጣፍ በረኪና ተደፍቶበት ሲጠፋ ከማየት የከፋ ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ የለም። ለመለየት ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ይበቃል፤ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ በጣት ሲያሹት አመድ ሆኖ ይደቃል፤ ፖሊፕሮፒሊን ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ከዚያ በማይታይ ጥግ ላይ ሊጠቀሙበት ያሰቡትን ሳሙና ጠብ አድርጎ በነጭ ጨርቅ መጫን፤ ቀለም ከወጣ ማቆም። ይህን ሁሉ ለመሥራት ደቂቃዎች በቂ ናቸው። «እውቀት አይጠይቅም» የተባለ ልጅ ግን ይህን ማን ሊያስተምረው?

ካላስተማሩት የሚጎዳው ምንጣፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። ሕፃን የሸናበት ምንጣፍ ይመጣል። ሽታው አልለቅ ይላል። ልጁ በረኪና ይደፋበታል፤ በረኪና ከቆየ ሽንት ጋር ሲገናኝ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ሽታው አሁንም ካልለቀቀ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ይጨምርበታል፤ በረኪናና አሲድ ሲደባለቁ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ ሰው የተፈጀበት ያው ጋዝ። አቼቶም ቢሆን ከበረኪና ጋር ከተደባለቀ ይህንኑ ያደርጋል። ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ አፍንጫውን ከምንጣፉ አስጠግቶ እየፈተገ ነው። ሲያስለው «ኦሞው ነው» ይሉታል።

መብራቱም አለ። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ወይም በተቀደደ ጫማ ቆሞ፣ መሬት ላይ በተዘረጋ ገመድ 220 ቮልት የሚወስድ ማሽን የሚይዝ ልጅ ሕይወቱ የተመካው በገመዱ ሽፋን ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያጠፋ፣ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ መቁረጫ በዋናው መስመር ላይ ማስገጠም፣ ገመዱን ከላይ ማሳለፍ፣ ቦቲ ጫማና ጓንት ማልበስ ግዴታ ነው። 60 ኪሎ እርጥብ ምንጣፍ አንድ ሰው አያነሣም፤ ውኃው ሲወጣለት ግን ሁለት ሰው በቀላሉ ይሸከመዋል። እዚህም ላይ ውኃውን ማውጣቱ ሠራተኛውን ያድናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያሟላና ስለ አደጋው እንዲያስረዳው ያስገድዳል። ላቫጆ ስለሆነ ከአዋጁ ውጪ አይደለም። «ጉልበት ብቻ ነው» የሚለው ንግግር ግን በተግባር ከአዋጁ ያወጣዋል፤ ሙያ ያልተባለ ሥራ አደጋው አይቆጠርም፣ ጓንቱ አይገዛም።

«ሕዝቡ ርካሽ ነው የሚፈልገው፤ እንዲህ አድርገህ ብትሠራ ማን ይከፍልሃል?» የሚለው የመጨረሻው ምሽግ ነው። በዚህ ላይ ፊት ለፊት መነጋገር ይገባናል። የወላይታ ሰው ብር በከንቱ የሚበትን አይደለም፣ እውነት ነው። ግን ርካሽ የሚፈልገው ልዩነቱ ስላልታየው ነው። አንዱ አጣቢ ከሌላው የሚለየው በዋጋ ብቻ ከሆነ ደንበኛ በዋጋ ይመርጣል፤ ሌላ በምን ይምረጥ? ምንጣፉ ሲገባ ስፋቱ በሜትር ተለክቶ፣ የነበረበት እድፍና የተቀደደ ጠርዝ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ «ይቺ የቡና እድፍ ትቀንሳለች እንጂ አትጠፋም» ተብሎ አስቀድሞ ተነግሮት፣ ስሙና የሚረከብበት ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ የተሰጠው ሰው ያንን ቤት አይረሳም። በቀኑም ደርቆ፣ ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ ሲያገኘው ለጎረቤት ይናገራል። በግድግዳ ላይ «ለሚበላሽ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» ብሎ መለጠፍ ደንበኛን ከማሸሽ ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በተሰጠው አገልግሎት ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታልና። ልብ በሉ፣ በሶዶ ያለው ገበያም እንደ ድሮው አይደለም። ከተማዋ በ2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ቢሮው፣ ሆቴሉ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ ተከራይቶ የሚኖረው ሠራተኛ በዝቷል፤ ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሎቹ ቀድሞም አሉ። እነዚህ ደንበኞች ምንጣፋቸው ሦስት ቀን ሲጠፋ የሚታገሡ አይደሉም። ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት «መቼ ይደርሳል?» ብለው ነው የሚጠይቁት። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ውኃውን ማውጣት የሚያውቅ ብቻ ነው። በጎረቤት ከተሞቹ በቦዲቲና በአረካም ነገ የሚመጣው ይኸው ነው።

ለመስከረም ሰልፍ ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል። በቀን ስንት ምንጣፍ ማጠብ እችላለሁ ብሎ የሚያሰላ ሰው ሒሳቡን ያበላሻል፤ ጣሪያው ሥር በቀን ስንት ካሬ ማድረቅ እችላለሁ ብሎ ይጀምር፤ ከዚያ በላይ አይቀበል። እምቢ ማለት የሚያሳፍር ይመስላል፤ የጊፋታ ዋዜማ እርጥብ ምንጣፍ ከመስጠት ግን በጣም ይሻላል። ብድር የሚያጸድቀው ባለሙያም የሚያቀርበው ጥያቄ ይህ ቢሆን፤ «ውኃ የት ታገኛላችሁ?» ማለቱን ይተውና «በነሐሴ ዝናብ የት ታደርቃላችሁ?» ይበላቸው። መልስ የሌላቸውን ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ልኮ ጥቂት ሳምንት ቢያስተምራቸው ገንዘቡም አይጠፋም፣ ልጆቹም በዓመታቸው ተበትነው ተመልሰው ሥራ ፈት አይሆኑም።

ደንበኛ የሆናችሁም አረፋ መቁጠሩን ተዉት። ምንጣፋችሁን ስትረከቡ ከመክፈላችሁ በፊት አስፈቱት፤ ጀርባውን በመዳፋችሁ ተጫኑት፣ ቀዝቀዝ ካላችሁ ውስጡ ገና ውኃ አለ። ጸጉሩን በጣት ከፍላችሁ ሥሩን እዩት፣ ቀይ ከሆነ አልተራገፈም። በነጭ እርጥብ ጨርቅ አሹት፣ ጨርቁ ካሟለጨ ሳሙናው አልወጣም፤ እንዲህ ያለ ምንጣፍ በሳምንቱ አቧራ ይጠራል፣ የሚድኸውን ልጃችሁንም ቆዳ ያሳክከዋል። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አሽትቱት፤ የሽቶ መዓዛ አያታልላችሁ። ከእነዚህ በአንዱ ቢወድቅ ሳትጣሉ እዚያው ተዉትና ሌላ ቀን ቅጠሩ፤ ሥራውን የሚያውቅ አጣቢ ምንጣፉን መልሶ ይወስደዋል፣ ደርቆም ሳያስከፍል ቤታችሁ ድረስ ያመጣዋል።